ታመነና የጊታሯ ሳጥን

ወንድሜ ታመነ ባና፣ ያንን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ የሚያጥፈው በግራ እጁና በአገጩ ነበር። ጫፉን በአገጩ ይይዛል፣ በግራው ይስባል፣ በቀኝ ክንዱ ይጫነዋል። ጣርማ በር ላይ ከበቅሎ ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ የቀኝ እጁ አንጓ ደርቋል። ወጌሻው አሸው፣ አሰረውና «ለመብላት ይሆንሃል» ብሎት ሄደ። እውነቱን ነው፤ ለመብላት ሆነው። ለማሲንቆ ግን አልሆነም፤ ደጋን የሚገፋና የሚስብ እጅ አንጓው መታጠፍ አለበት።

ታመነ ቀን ቀን ከባና ሠሪዎች ማኅበር ይውላል፤ ከሥራ ሲወጣ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ማሲንቆ ተጫዋች ነበር። ከወደቀ በኋላም ከቡድኑ አልቀረም። ልምምድ ባለ ቁጥር ይመጣና ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምን እንደሚጠብቅ ማንም አልጠየቀውም። እኔ ግን አየው ነበር፤ ቡድኑ በሚለማመድበት በደብረ ብርሃኑ የቀበሌ አዳራሽ፣ በወዲያኛው ጥግ፣ ከሌሎች እናቶች ጋር የመሠረተ ትምህርት ፊደል እቆጥር ነበርና።

የአብዮቱ አሥረኛ በዓል ሲቃረብ ቡድኑ አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ እንዲገዛ ተፈቀደለት። ያሕያ የሚባል የአልዩ አምባ ሰው፣ አዲስ አበባ የሙዚቃ ዕቃ የሚነግድ፣ ሁለት ዓይነት አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። አንዱ ኦርጋን ነው። ሌላው በወፍራም ገመድ ከአንዲት ሳጥን ጋር የተያያዘ ጊታር ነው። ያሕያ «ጊታር ሲንተሳይዘር» አለውና አንዱን ክር በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ ተወው። ድምፁ አልጠፋም። ደጋን እንደሚስበው ሁሉ እየተሳበ ቆየ።

ታመነ ከወንበሩ ተነሣ። «ይቺን እንውሰድ» አለ።

የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ወልደተንሣኤ ኦርጋኑን እየዳበሰ ነበር። «ጊታር በስንት እጅ ነው የሚመታው?»

«በሁለት።»

«አንተ ስንት አለህ?»

«አንድ ተኩል።»

«እና?»

«ግማሹ ለመንካት ይበቃል። የቀረውን ሳጥኗ ትስበዋለች።»

ጓድ ወልደተንሣኤ አሰበና ወሰነ። እስከ ቅዳሜ የማሲንቆ ድምፅ ካወጣባት እሷ ትገዛለች፤ ካላወጣ ኦርጋኑ ይገዛል፣ ታመነም መጋረጃ ሳቢ ይሆናል። «መጋረጃ በአንድ እጅም ይሳባል» አለው፤ ማጽናናቱ ነበር።

ከጊታሩ ክሮች ሥር እንደ ማበጠሪያ የቀጠነች ጥቁር ዕቃ ትገጠማለች። የእያንዳንዱን ክር ድምፅ ሰምታ ለሳጥኗ የምትነግራት እሷ ናት። ያሕያ እንዳለው፣ ክሩን ሳትነካ ወረቀት ብቻ በሚያሳልፍ ርቀት መቀመጥ አለባት። ዝቅ ብላ ስለነበር ከደብተሬ ሽፋን ቀድጄ ለታመነ ሰጠሁት፤ አጥፎ ከሥሯ ወተፈው። ከዚያ ለየክሩ ያለችውን ብሎን በቢላ ጫፍ እያዞረ የሚጮኸውን ቀነሰ፣ የሚያንሾካሹከውን ጨመረ።

ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ነካው። ሳጥኗ እንደ በግ ጮኸች። በማግስቱም እንደ በግ ጮኸች።

«አንተ ታመነ፣ ደህና ዕቃ ነበር ያመጣሁት፤ ምን አደረግካት?» አለ ያሕያ።

«ምንም።»

«ምንም ካላደረግካት በጉን ማን አስገባባት?»

ዓርብ ያሕያ ሳጥኗን ሊጠቀልል ጨርቅ ዘረጋ። ታመነ «አንዴ ብቻ» ብሎ ለመነው። እኔ ፊደሌን ትቼ እጁን አየሁ። ግራ እጁ ኪሱ ገባ፣ ጠጠር የመሰለች ነገር አወጣ፣ ስድስቱንም ክር ከላይ እስከ ታች አሸበት።

«ታመነ፣ እሱ ምንድን ነው?»

«ዕጣን ነዋ፣ እትዬ በሰለች።»

«ለምን?»

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተና እጁን አየ። የማሲንቆ ደጋን ጭራው ዕጣን ካልታሸ ድምፅ አይሰጥም፤ ታመነ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያሽ ተጫውቶ አያውቅም። እዚህ ግን ደጋን የለም። ሙጫው ክሩ ላይ እየተጋገረ ድምፁን ያበላሽ ነበር።

ያሕያ ጨርቁን ወረወረው። «የአላህ ያለህ! ሰውዬው ጊታር ሲያጥን ሰንብቷል!»

ከጎረቤት አረቄ መጣ። የበግ ፀጉር እየነከርን ክሮቹን ጠረግናቸው። የተረፈውን ታመነ ጠጣው፤ ያሕያ ፊቱን አዞረ።

ቅዳሜ ጓድ ወልደተንሣኤ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠና ያችን የደረቀች እጅ ትኩር ብሎ ያይ ጀመር። ታመነ እጁን ከክሮቹ ላይ አነሣ።

«ጀምር እንጂ!»

«ጓድ፣ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ።»

«ለምን?»

«የሚያዩት እጄን ነው። የሚገዙት ድምፁን ነው።»

አዞረ። ታመነ በአውራ ጣቱ ነካ፣ በግራው ክሩን ገፋ አደረገ። ድሮ የሚጫወተው ዜማ እየተሳበ ወጣ። እናቶቹ ፊደል መቁጠራቸውን አቆሙ።

ሲያበቃ ጓድ ወልደተንሣኤ ከግድግዳው ሳይዞር «ማሲንቆ አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ጉንፋን የያዘው ማሲንቆ።»

«ደብረ ብርሃን ላይ ያልያዘው ማን አለ!» አለና ኦርጋኑ እንዲጠቀለል አዘዘ።

ታመነ በበዓሉ ተጫወተ፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ተጫወተ። ከለሚም ከአንኮበርም የመጣ ሰው ያጨበጭብለታል። እኔ ግን ዓይናቸውን አያለሁ፤ የሚያጨበጭቡት ለእጁ ነው። እሱም ያውቃል። አቀርቅሮ ገመዱን ይጠቀልላል።

ቡድኑ ሲበተን ሳጥኗን ከነጊታሩ ወደ ቤት አመጣት፤ ሌላ የፈለጋት አልነበረም። ዛሬም ትሠራለች፤ የደብተሬ ቁራጭም ከክሮቹ ሥር እንደተወተፈ አለ። ቤታችን ከመጣችሁ ተጫወትልን በሉት፤ እምቢ አይልም። ሲጀምር ግን እባካችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙሩልኝ።