ፍግ የመለሰችው የብርጓል

ሰው ኖሮ ኖሮ ሲያበቃ፣ ያ ሁሉ ኑሮው ተሰብስቦ ምን ያህላል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ጥያቄ ለፈላስፎች ትቼ የአፈር ትምህርት አጠናሁ። በስተርጅና ተመልሶ መጣብኝ። ያመጣችብኝም ጎረቤቴ የብርጓል ናት፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰፈራችን ኳስ ሜዳ ጠባቂ።

የብርጓል የአምበር ገበሬ ልጅ ናት። ባሏ ሲሞት ከተማ ገብታ ለሜዳው ተቀጠረች። ገበሬ የወደደውን መሬት ፍግ ያበላዋል፤ እሷም ክረምት በመጣ ቁጥር የላሟን ፍግ እያደቀቀች ትበትንበት ነበር። ሣሩ እንደ ፍራሽ ተነፋ። ያየ ሁሉ መረቃት።

አንድ ሐምሌ ልጇ ወንጌላዊት ለሴቶች ቡድን ስትጫወት፣ ሣሩ ከእግሯ ሥር እንደ ቆዳ ጀንዲ ተገሸለጠና ጉልበቷ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ኳስ አልነካችም።

በማግስቱ የብርጓል እኔ ዘንድ መጣች። ከሜዳው በቢላ የቆረጠችውን የሣር ጉማጅ ይዛለች። ላዩ አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ሳይበሰብስ የተጋገረ የሞተ ሣር፣ ከዚያ በታች ክፉ የሚሸት ጥቁር ጭቃ።

«ጋሽ አማረ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የሞተ ሣርና ፍግ ተደራርቦ ነው። ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይይዘዋል። የታችኛው መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ደግሞ በእግር ብዛት ደድሯል። ሥሩ አየር ሲያጣ ወደታች አይወርድም።»

«እንግዲህ ልጄን የጣልኳት እኔ ነኛ።»

ጉማጁን ከእጇ ተቀብዬ መሬት ላይ አኖርኩት።

«መድኃኒቱስ?» አለችኝ።

«መሬቱ ይበሳል፣ ቀዳዳው አሸዋ ይሞላል፣ የሞተው ሣር ይነሣል። ፍግ የሚባል ደግሞ አይቅረበው።»

ከእኔ በቀጥታ የሄደችው ባምላኩ ብየዳ ቤት ነው። የፌሮ ጥርስ ያለው፣ በእግር የሚረገጥ ትልቅ መንሽ አሠራች። ባምላኩ ሲያስረክባት እየሳቀ፣ «እትዬ፣ ይህ የማን ሚዶ ነው? የጎልያድ?» አላት።

«የሜዳው ነው። ጠጉሩ ተቋጥሯል።»

ጠዋት ጠዋት እየረገጠች ትበሳ ጀመር። የሜዳው ኮሚቴ ሊቀ መንበር መሳፍንት እየሮጠ መጣ። «እትዬ የብርጓል፣ ሜዳውን ወንፊት አደረግሽው እኮ!»

«ወንፊት ውኃ አይዝም። እሱን ነው የፈለግሁት።»

የተበሳው ሣር ለጊዜው ገረጣ። ሰፈሩ አዘነላት። በአማኑኤል መንገድ ያሉ ገበሬዎች ደቦ ጠሩና ፍግ በአህያ ጭነው መጡ። የእኛ አገር ሰው ፍግ ከሰጠ ልቡን ሰጠ ማለት ነው፤ ይህን የመለሰ ሰው ታይቶ አይታወቅም። እሷ ግን ሚዶዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አይገባም።»

የደቦው አለቃ አያ ደምለው ግራ ገባቸው። «ምነው ልጄ፣ ፍግ የሚጠላ መሬት ደግሞ ከወዴት መጣ?»

«ለእርሻዎ ያድርጉት አያ። ይህ ጠግቦ የታመመ ነው።»

«ጥጋብ የሚያሳምመው ጌታን ብቻ ይመስለኝ ነበር!» ሰው ሁሉ ሳቀ። «በይ በሞቴ፣ የአንዷን አህያ ብቻ።»

«በሞትዎ ቢሉኝም አይገባም። ልጄ ጉልበቷን ያጣችው በእኔው ፍግ ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አያ ደምለው አንገታቸውን ደፍተው አህዮቹን መለሱ።

«አገሩን አስቀየምሽ» አላት መሳፍንት።

«ይቀየሙኝ፣ ኋላ ይታረቁኛል። የማይታረቅ ጉልበት ነው።»

ፈላስፎች ስለ ጽናት ብዙ ጽፈዋል፤ ስጦታን መመለስ ከጠላት ጋር ከመቆም እንደሚከብድ የነገረኝ ግን አላስታውስም። በቀጣዩ ክረምት እሷ በስታ የደረሰችበት የሜዳው ግማሽ ዝናቡን ዋጠ። ሌላው ግማሽ ኩሬ ሆነ። ኮሚቴው ልዩነቱን አየ፣ ግን የጨዋታ ፕሮግራሙ በዛና ሜዳው ፋታ አጣ። በተበሳው ላይ ተረገጠ፣ በተረገጠው ላይ በሳች። እንዲህ እንዲህ እያለ ጡረታዋ ደረሰ።

ባለፈው ሰኔ የኮሚቴው ሰዎች ሸኟት። ጋቢ አለበሷት፣ የበሩን ቁልፍ ተቀበሏት። ሚዶውን ግን ንብረት ክፍል ሲጠይቃት፣ «ይህ የእኔ ነው» ብላ ከለከለች። መሳፍንት «የምትፈልጊውን ተናገሪ» አላት።

«አንድ ክረምት ዝጉት» አለች። «ጦሙን ይደር። ሣሩ ሥር እስኪሰድ ማንም አይርገጠው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አጨበጨቡላት። ሐምሌ ሲገባ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ የዳኛው ፊሽካ ከሜዳው እስከ ደጄ ይሰማኝ ነበር።