ጾም የሌለበት ዓርብ

አሜሪካ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ርካሽ የሞንጎሊያ ምግብ ቤት አሠራሩ ቀላል ነው። በር ላይ ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ይሰጡሃል። በረዶ ላይ በተደረደሩት ትሪዎች አጠገብ እያለፍክ ስስ ሆኖ የተጠቀለለውን የበሬ ሥጋ፣ ዶሮውን፣ ጎመኑን፣ ኑድሉን ራስህ ትሞላለህ። ሶሱንም ራስህ በጭልፋ ታፈስበታለህ። መጨረሻ ላይ ሳህኑን ለአብሳዮቹ ትሰጣለህ፤ እነሱም ረጃጅም እንጨት ይዘው በትልቅ ክብ ብረት ምጣድ ዙሪያ እየዞሩ የሁሉንም ሰው ምግብ ጎን ለጎን ያማስላሉ። የሚሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ልምድ ያለው ሰው ሥጋውን ከታች ጠቅጥቆ ኑድሉን ከላይ እንደ ጭድ ይከምረዋል። ሞንጎሊያ ይህን ምግብ ታውቀው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ግድግዳው ላይ መምረጥ ለከበደው ሰው የተጻፈ ዝርዝር ተለጥፏል፤ ምን ከምን ጋር እንደሚሄድ ይነግርሃል። የሰውን ምርጫ ይህን ያህል የሚያከብር ሌላ ቦታ አላውቅም። እኔ መውጫ ያጣሁት ግን እዚያው ነው።

እናቴ ባዶ ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ ትሪዎቹ ፊት ቆማለች። እኔ ከኋላዋ ነኝ። በጃኬቴ የውስጥ ኪስ የእሷ ደብዳቤ አለ፤ ኪሴ ከገባ ስምንት ቀኑ ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ከአንዲት የቤተክርስቲያን ጓደኛዋ ሰምታ ለአዛውንቶች አፓርትመንት እንዳመለክትላት ጠየቀችኝ። አፕሊኬሽኑን የሞላሁት እኔ ነኝ። ተራው መቼም እንደማይደርስ እርግጠኛ ስለነበርኩ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞላሁት። ተራው ደረሰ። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት ተገኝቶላታል። እስከ ሰኞ ፈርማ ካልመለሰች ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል።

የእናቴን ፖስታ የማነበው እኔ ነኝ። አምስት ዓመት ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ እኔ ጋ ስትኖር በየቀኑ «ፖስታ አለ?» ትለኛለች፤ እኔም «የማይረባ ነው» እላታለሁ፤ ብዙ ጊዜም እውነቴን ነው። ያን ዕለትም ያንኑ አልኳት። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለመናገር በየቀኑ አንድ ቀን እየዘገየሁ ሄድኩ። ብነግራት፣ እናቱን ከቤቱ ገፍቶ ያስወጣ ልጅ እሆናለሁ። ባልነግራት ደግሞ በሩን ቆልፌባታለሁ። የባሰው፣ በልቤ እንድትሄድ እፈልግ ነበር። ሳሎን ውስጥ በውስጥ ሱሪ መዞር፣ ማታ ሬዲዮ ጮክ አድርጎ መስማት፣ እንዲህ ያለ ተራ ነገር አምሮኝ ነበር። ስለ ነጻነት ብዙ ገጽ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ውስጥ ሱሪ ግን አንድም መስመር አልጻፍኩም።

ምሳውን የጠራችው ታናሽ እህቴ ናት። እናታችን ሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ እሷ ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ እንድትኖር ትፈልጋለች። ስለ ደብዳቤው አታውቅም። እናቴ ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ «ያላችሁትን።»

ስንመጣ ድልድዩን ተሻግረን ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ይዞን ነበር። «ዛሬ ምን ልታደርጉኝ ነው የምትሰበስቡኝ?» አለችኝ።

«ምሳ ነው እማዬ። እዚያ ቤት ራስሽ ነሽ የምትመርጪው።»

«እኔ ምን መርጬ አውቃለሁ?» አለች። መንገዱ የሚከፈት አይመስልም ነበር፤ እኔም እንዳይከፈት ተመኘሁ።

አሁን የበሬውን ሥጋ አየች፣ ዶሮውን አየች፣ ከዚያ ሳህኑን አቀበለችኝ። «ጾም ነኝ» አለች።

ዓርብ ነው። ጾም ከተውኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ከሥርዓቱ የቀረልኝ ረቡዕና ዓርብ መጾሙን ማወቅ ብቻ ነው። አመንኳት፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ወሬው በጾም ላይ ከዋለ ስለ ቤት አይነሳም። ሳህኗን በጎመን፣ በካሮትና በኑድል ሞልቼ ወደ አብሳዩ ሄድኩ። ምጣዱ ላይ የአንዱ ዶሮ የሌላውን ሽሪምፕ እየነካ ይንጫጫል።

«ይሄ ሥጋ ከነካው ጋር መገናኘት የለበትም» አልኩት።

«አለርጂ ነው?»

ጾምን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ወረፋው ረጅም ነበር። «አዎ፣ አለርጂ ነው።»

«የምን?»

«የሥጋ። የቅቤ። የወተት። የእንቁላል።»

እናቴን በአዘኔታ አያት። «ታዲያ እንዴት እስካሁን ኖረች?»

«እኛም ይገርመናል» አልኩት። ወደ ኋላ ሄዶ ንጹህ መጥበሻ አመጣላት።

የኔን ምግብ ተውኩት። ግድግዳው ጥግ ያለ ጠረጴዛ ይዘን ተቀመጥን፤ እኔ በግድግዳው በኩል፣ እናቴ ከፊት ለፊቴ። እህቴ ሥጋ የተቆለለበት ሳህን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀምጣ መውጫዬን ዘጋች።

«ሶሪ፣ ፓርኪንግ አጥቼ ነው። እማዬ፣ ይሄ ጎመን ብቻ ምንድነው? ሥጋ የለም ብለውሽ ነው?»

«ጾም ናት» አልኩ።

«የምን ጾም?»

«ዓርብ ነው እኮ።»

ሹካዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አንተስ እንኳን ጾሙን በዓሉንም አታውቅም። እማዬ! ሃምሳው አልወጣም እኮ! ፋሲካ ከዋለ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው!»

ልክ ናት። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህን እኔ ልረሳው እችላለሁ። እናቴ ግን የዓመቱን ጾም ሁሉ ካላንደር ሳታይ መግቢያና መውጫውን የምትቆጥር ሴት ናት። ሁለታችንም ዞረን አየናት። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች መልሳ ትፈታለች። ዋሽታ ተይዛ አይቻት አላውቅም ነበር።

«ታዲያ ሌላ እምቢ የምልበት ቃል ስጡኝ» አለች።

እህቴ ሹካዋን መልሳ አነሳች፤ እናቴ ቀጠለች።

«ደከመኝ ስላችሁ ሐኪም ቤት ትወስዱኛላችሁ። አልፈልግም ስላችሁ ተቀየመች ትላላችሁ። ጾም ነኝ ስል ብቻ ለምን አትሉኝም።»

«ምኑን ነው እምቢ የምትይው፣ ምግቡን?» አለች እህቴ።

«ምግቡ ምን አደረገኝ? ዛሬ የት እንደምኖር ልታስመርጡኝ እንደሆነ አላውቅም መሰላችሁ? ያንቺ ቤዝመንት በሩ በሳሎናችሁ ነው። ገብቼ ስወጣ ከሰው ቴሌቪዥን ፊት ነው የማልፈው። እሱ ጋ ደግሞ በሩን ከፈት ሳደርገው "ወዴት ነው እማዬ?" ይለኛል።»

«ስለማስብልሽ ነው እኮ» አልኩ።

«አውቃለሁ። እሱ ነው የከበደኝ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የማይሆን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ያ የአፓርትመንቱ ነገር መልስ ቢመጣ ኖሮ…» አለች። «ዛሬም የለም፣ አይደል?»

በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው እህቴ፣ ከፊቴ እናቴ። ተነስቼ ሽንት ቤት ልሂድ ብል እንኳ እህቴን ማስነሳት ነበረብኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩና ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። በስምንት ቀን ውስጥ ጠርዙ ተልጦ የቆየ ደረሰኝ መስሏል።

«ምን ይላል?» አለችኝ እናቴ።

ተረጎምኩላት። አንድ መኝታ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት አለው፣ እስከ ሰኞ።

«መቼ መጣ?»

«ስምንት ቀኑ።»

«የማይረባ ነው ያልከኝ?»

«እሱ ነው።»

መቆጣቷን ጠብቄ ነበር፤ ብትቆጣም እመርጥ ነበር። ብቻ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ስሟ የተጻፈበትን ቦታ በጣቷ ፈልጋ አገኘችው።

የተቆጣችው እህቴ ናት። «ስምንት ቀን ኪስህ ውስጥ? ደግሞ የአዛውንቶች አፓርትመንት? አሜሪካ ድረስ አምጥተን ብቻዋን ልናስቀምጣት? ከኔ ቤት አስር ደቂቃ ላይ? ሰው ምን ይለናል፣ እማዬ?»

«ሰው ያለውን ይበል። አስር ደቂቃ ከሆነ ደውለሽ ነይ።» ትንሽ አሰበችና፣ «አንኳኩተሽ ነይ» አለች። «በሬን ዘግቼ "ማነው?" ማለት አምሮኛል። አሜሪካ ከመጣሁ አንድ ቀን ማነው ብዬ አላውቅም። እስክሪብቶ አላችሁ?»

እስክሪብቶ የነበረው እኔ ጋ ነው፤ መቼም ከኔ አይጠፋም። የት እንደምትፈርም አሳየኋት። እያንዳንዱን ፊደል ቀስ ብላ ጻፈችው፤ እህቴ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ። ስትጨርስ ወረቀቱን አልመለሰችልኝም። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋችው።

ከዚያ የጎመን ሳህኗን ገፍታ ፊቴ አደረገችው። «ይሄን አንተ ብላው። ሃያ ዓመት ያልጾምከው አለብህ» ብላ ተነሳች።

እኔና እህቴ ጎን ለጎን፣ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ቀረን። ቦታ ቀይራ ልትቀመጥ ትችል ነበር፤ አልተቀመጠችም። እኔም ቀይሪ አላልኳትም። «ልንነጋገር ነው አንተና እኔ» አለችኝ። እናታችን እኔ ሳልሞላው የተውኩትን ሳህን ይዛ በትሪዎቹ ፊት ስትሄድ እናያታለን። የበሬ ሥጋ ወሰደች፣ ቆም አለች፣ ደገመች። ዶሮውን አልፋው ተመልሳ መጣችበት። ማንንም አላማከረችም። ቃሪያውን በእጇ ቆንጥራ ጨመረች፤ መቆንጠጫ እንዳለ ያሳያት የለም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አንድ ጊዜም አላየችውም።

አብሳዩ ሳህኗን ሲያይ ደነገጠ። እንጨቱን ይዞ በሰው መሀል እስከ ጠረጴዛችን ድረስ መጣ። «ሰውዬ! እናትህ ሥጋ ልትበላ ነው!»

«ተሽሏታል» አልኩት።

«መቼ?»

«አሁን።»

ግራ እንደገባው ተመለሰና ምጣዱ ላይ፣ ከሌሎቹ ጋር አብስሎ ሰጣት። እናቴ እየጨሰ ያለውን ሳህን ይዛ መጥታ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሹካዋን አነሳች። ዕድሜ ልኳን፣ ከአፏ በፊት ሰው ሳትጋብዝ አንድ ጉርሻ ውጣ አታውቅም፤ እኔም እህቴም ያንን ቃል ጠብቀን አየናት።

«እንብላ» ሳትል ጀመረች።