መሪ የያዝኩበት ወረፋ

በነዳጅ ማደያ በኩል ሳልፍ እስከ ዛሬ እግሬ ይዘገያል። መኪኖች ተሰልፈው ካየሁ ደግሞ ቆም ብዬ ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች አያለሁ። አንዳንዱ ተኝቷል፣ አንዳንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አብዛኛው ተናዷል። በእነሱ የምቀና እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አባቴ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች አሮጌ ታክሲ አለችው። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ቤንዚን ሲጠፋ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ወዳለው ማደያ ብርድ ልብሱን ይዞ በጠዋት ሄዶ ይሰለፍ ነበር፤ እኔ ደግሞ ምሳውን ቋጥሬ እወስድለታለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ የምውለው ቤት ነው። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ሱቅ ስላክ እንኳ ሌላው ሰው ሁሉ ገዝቶ እስኪሄድ ጠብቄ የምፈልገውን በጣቴ አሳያለሁ። ታክሲዋ ውስጥ በሩን ዘግተን ስንቀመጥ ግን አወራለሁ። አባቴም ቤት ውስጥ የማይወጣው ወሬ እዚያ ይወጣዋል። እሱ ሲበላ እኔ ከፒያሳ በኪራይ ያመጣሁትን ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነባለታለሁ።

«ቀስ በይ፣ አራት ነጥቡ ጋ ተንፍሺ እንጂ!» ይለኛል።

እሱ ራሱ ደህና አድርጎ ማንበብ ይችላል። ለእኔ ብሎ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ወረፋው ሲንቀሳቀስ ሞተር አናስነሳም። የቀረችውን ጠብታ ላለመጨረስ አባቴ ወርዶ ከኋላ ይገፋል፤ እኔ ወደ ሾፌሩ ወንበር ተሸጋግሬ መሪ እይዛለሁ።

«ትንሽ ወደ ቀኝ! ጎበዝ! በይ ፍሬን ያዢ!»

የምንሄደው ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሰው ሁሉ እያየኝ ያላፈርኩት ግን እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት አባቴ «ወረፋው በቃኝ» አለ። ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወዳጁን ይዞ መጣ፤ ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና የወጣ ሞተርና ባትሪም ግቢያችን ውስጥ ተራገፈ። አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወጣ ጎረቤቱ በሙሉ በየበሩ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ታክሲዋን ፍሪጅ ልታደርጋት ነው?» አሉ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ።

ወዳጁ ቀና ሳይል፣ «ፍሪጅ ከሆነችማ መጀመሪያ እርስዎን ነው የምናስገባው፤ ትንሽ ይቀዘቅዛሉ» አላቸው። እትዬ ራሳቸው ሳቁ።

አዲሱን ሞተር ከአሮጌው ማርሽ ሳጥን ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ብረት ቶርኖ ቤት ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ሁለት ጊዜ አልገጥም አለ። በሦስተኛው ገጠመ። ባትሪዎቹ ከፊሉ የቤንዚን ጋኑ በነበረበት፣ ከፊሉ ከኋላ ወንበር ሥር ገቡ። እኔ ብሎኖቹን በናፍጣ እያጠብኩ አቀብል ነበር። እነዚያ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ፤ ሁልጊዜም እንዲህ የምንሆን መስሎኝ ነበር። አሮጌው ሞተር ላስቲክ ለብሶ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ተቀመጠ።

ታክሲዋ ያለ ድምፅ ከግቢ የወጣች ዕለት አባቴ እንደ ሕፃን ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል፣ ራቱን በልቶ ይተኛል። ወረፋ የለም፤ ምሳውንም የደረሰበት ይበላል። ለእኔ የተረፈኝ ታክሲዋ ማታ ማታ ቻርጅ የምትደረግበት ገመድ ነው። የእናቴ ምጣድና ታክሲዋ አብረው ከተሰኩ ቆጣሪው አልችል ብሎ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ እናቴ ስትጋግር የታክሲዋን ገመድ የምነቅለው፣ ስትጨርስ መልሼ የምሰካው እኔ ነበርኩ።

አንድ ምሽት ነቀልኩና ሳልመልሰው ቀረሁ።

የፈለግኩት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ጠዋት ቻርጅ አለማድረጓን አይቶ ቤት እንዲውል፣ ታክሲዋ ውስጥ እንድንቀመጥ። ጋዜጣውን ሳይቀር ተከራይቼ ደብቄ ነበር። አባቴ ግን የታክሲዋን ጫፍ ነቅሎ፣ ገመዱ ከግድግዳው መነቀሉን ሳያይ ወጣ። ባትሪው ስንት እንደቀረው የምታሳየው ትንሽ መስኮት አንዳንዴ ትዋሻለች ብሎ አያምናትም ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ደወለ።

«ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ቆማብኛለች። መሪ የሚይዝልኝ ሰው የለም፣ ነይ።»

ሮጥኩ። ተሳፋሪዋ የሐኪም ቤት ካርዳቸውን የያዙ አሮጊት ነበሩ፤ ወርደው ሚኒባስ ይለምናሉ። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ክላክስ ይነፋል። ከአትክልት ተራ የመጡ ሁለት ተሸካሚዎች ሊገፉ ተጠጉ። አንደኛው ከኪሱ የስልክ ቻርጀር አውጥቶ፣ «ፋዘር፣ የእኔን ላውስዎት? ግን ጫፉ ቀጭን ነው!» አለ። ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

መሪውን ያዝኩ። «ትንሽ ወደ ቀኝ!» የሚለው የአባቴ ድምፅ ከኋላ መጣ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ኀፍረቱ የመጣው በመስታወት ፊቱን ሳየው ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ባትሪውን ፈቶ አንድ በአንድ ለካው። ወዳጁ «ጤነኛ ነው፣ ምንም አላገኘሁበትም» ቢለውም አልተቀበለውም።

«የእኔ እጅ ነው። አንድ ቦታ ሽቦ አበላሽቻለሁ። ከእንግዲህ በእሷ ሰው አልጭንም፤ አሮጌውን እመልሰዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ላስቲኩን ገፎ አሮጌውን ሞተር ማጠብ ጀመረ። እኔ ብሩሹን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የምመኘው ነገር ራሱ እየመጣ ነበር። ዝም ብል ወረፋው ይመለሳል፣ ምሳው ይመለሳል፣ ጋዜጣው ይመለሳል። አባቴ ወገቡን ይዞ ቀና አለና ወደ ቤት ተጣራ።

«ያቺን የወረፋ ብርድ ልብሴን የት አደረግሻት?»

እናቴን የጠየቀበት ድምፅ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«አባዬ፣ አልሰካሁትም» አልኩ።

«ምኑን?»

«ገመዱን። ድልድዩ ጋ ከመቆሟ በፊት የነበረው ማታ። ነቅዬ አልመለስኩትም።»

«ረሳሽ?»

አዎ ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«አልረሳሁም።»

ብሩሹን ከእጄ ወስዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። «ታዲያ ለምን?»

«ወረፋው ላይ እናወራ ነበር።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ናፍጣ የነካውን እጁን እያየ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ እዚያ ወረፋ ላይ ነው ያረጀሁት» አለኝ። ከዚያ ላስቲኩን ሞተሩ ላይ መልሶ አለበሰው፤ በገመድም አሰረው።

ሰኞ ከሥራ በጊዜ ገባ። ታክሲዋን ሰካና «ነይ ግቢ» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ጋዜጣውን ዘረጋሁ። እትዬ ሲያልፉ፣ «ወዴት ልትሄዱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከፊታችን ግድግዳ እንጂ የሚንቀሳቀስ መኪና አልነበረም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አባቴ ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ አራት ነጥቡም ጋ ተነፈስኩ። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕ አምሽቶ መጣ፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

አሮጌውን ሞተር ቆራሌው ወሰደው። አሁን እናቴ ጋግራ ስትጨርስ ገመዱን እሰካለሁ። ቻርጅ መጀመሩን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት መብራቷን አይቼ እሄዳለሁ፤ በር ላይ ስደርስ ደግሞ ተመልሼ አያለሁ። ታክሲዋ ድምፅ ስለሌላት አባቴ ጠዋት ሲወጣ አልሰማውም። መሄዱን የማውቀው ገመዱን መሬት ላይ ተጋድሞ ሳገኘው ነው።