ከሐይቁ ያመጣኋት ጀልባ

ጀልባ የገዛሁት ብቸኝነት ስላስመረረኝ ነው። ለሰው ሌላ ሌላ ምክንያት ስናገር ኖሬአለሁ። ለትምህርት ቤቱ ትጠቅማለች ብያለሁ፣ የታመመ ሰው ታሻግራለች ብያለሁ፣ አንዳንዴም ዓሣ ስለምወድ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። ዓሣ አልወድም። ከወንዙ ማዶ አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ ኦሞ በሞላ ቁጥር ያ ሰው ለሦስት ወር ይጠፋብኝ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ከጂንካ በላይ ባለው ደጋ ነው፤ ጭቃ፣ ጉምና እንሰት የማይታጣበት አገር። ከነሪ ወንዝ የሰፋ ውሃ ያየ ዘመድ አልነበረኝም፤ ነሪን ደግሞ በበጋ ሱሪህን ሰብስበህ ትሻገረዋለህ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሂድ ከተባልክ ትሄዳለህ፣ እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ የለም። መምህር ሆኜ ኦሞራቴ ስመደብ እናቴ «ውሃ ዳር እንዳትቆም» ብላ ሸኘችኝ። እኔም የእናቴን ቃል አከበርኩና ዋና ሳልማር ቀረሁ።

ኦሞራቴ ያኔ ምን ነበራት? ፖሊስ ጣቢያ፣ ሁለት ሱቅ፣ የእኔ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት፣ የቀረው አቧራ ነው። ከቱርሚ የጭነት መኪና ከመጣ በወር አንዴ ነው፤ ዝናብ ከጣለ እሱም የለም። ሁለቱ ባለሱቆች ከመሃል አገር የመጡ ወንድማማቾች ስለነበሩ ወሬያቸው ከራሳቸው አያልፍም። ፖሊሶቹ ደግሞ ስማቸውን ሳልለምድ ይቀየራሉ። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ከጥቁር ሰሌዳው ጋር የተጨቃጨቅኩበት ቀን አለ። አትሳቁ፣ ብቻውን ያልኖረ ሰው ይህን አያውቀውም።

ወዳጄ የዳሰነች ጎሳ ሰው ነው፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል። ማሽላውን ማዶ ይዘራል፣ ከብቶቹም ማዶ ናቸው። አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ መስኮት አንገቱን አስገብቶ ሳስተምር ሲሰማ ቆየና፣ ስጨርስ ገብቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ በየሁለት ቀኑ ይመጣ ጀመር። አማርኛውን የለቀመው ከፖሊስ ጣቢያ ስለሆነ ሰላምታው ሁሉ ትእዛዝ ነው። «ቁም! እንዴት አደርክ?» ይለኛል። «ቀጥ በል! ምነው ከሳህ?» መጀመሪያ ሰሞን እደነግጥ ነበር፤ በኋላ እሱ ቀርቶ ሲውል ጆሮዬ «ቁም!» የሚል ድምፅ ይፈልግ ጀመር።

በዚያ አገር አንድ ሰው ሌላውን ወዳጁ ሲያደርገው ፍየል ወይም በግ ያርድና ስቡን በእጁ ይዞ ሆዱን ይቀባዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ ቤትህ ነው፣ ጠቡም ጠብህ ነው፤ ብትሞት የሚያለቅስልህ ሰው አለህ። ያልተቀባ ሰው ግን መንገደኛ ነው፤ ሃያ ዓመት ቢኖርም መንገደኛ ነው። ገበያ ላይ ሽማግሌዎቹ «አንተ የማን ነህ?» ይሉኛል። «የመንግሥት» እላለሁ። ይስቁብኛል። መንግሥት ሆድ አይቀባማ!

አራት ዓመት ጠበቅኩ። ቅባኝ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፣ ስለዚህ አልጠየቅኩም። እሱ ግን ልቤን አውቆታል። አንድ ቀን ማሽላ እየቆረጠመ እንዲሁ እንደ ዋዛ አወራኝ።

«ብቀባህ፣ ወንዝ ሲሞላ ብታመም ትመጣለህ?»

«በምን እመጣለሁ? ዋና አላውቅ!»

«የማይመጣ ሰው አይቀባም» አለኝ፣ ሳይከፋው።

ታዲያ ኦሞ የሚገባበት ሐይቅ ዳር ዓሣ ያደርቅ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ነው፣ ባለሸራ ጀልባውን ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ያመጣልኝ ራሱ እሱ ነው። ግንቦት ነበር፣ ወንዙ ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። በማግስቱ ያለኝን ሁሉ ቋጥሬ ተነሳሁ፤ እሱም ዱላውን አንስቶ ተከተለኝ። ወንዙን ይዘን ቁልቁል ሁለት ቀን በእግር ሄድን።

ጀልባዋ አሮጊት ነበረች። ቀለሟ ተላልጧል፣ ጎኗ ላይ በሬንጅ የተደፈነ ስንጥቅ አለ፣ ሸራዋ እንደ ድሃ ሱሪ እራፊ በእራፊ ሆኗል። እኔ ግን ሳያት ፈዝዤ ቀረሁ። ፈረንጁ ሻንጣውን እየሸከፈ አንድ ጠዋት ብቻ አስተማረን፤ ይህን ገመድ ሳብ፣ ያንን ልቀቅ፣ መሪውን ወዲህ ስትል አፍንጫዋ ወዲያ ትሄዳለች። ስንጨርስ የብረት አልጋውን መረቀልኝ፤ ተጣጣፊ ነው፣ ባለ ሽቦ። እኔ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ በጠፍር አልጋ ላይ ወገቤ አልቆ ነበር። አልጋውን ሳገኝ ከጀልባዋ እኩል ደስ አለኝ፤ ይህንን ማመን አለብኝ።

ወዳጄ ያን ቀን ከሰዓት ጠፋብኝ። ሐይቁ ዳር ባለ መንደር፣ ድሮ የቀባው ሰው ነበረው፤ እሱ ዘንድ ሄዶ ኖሯል። ሲመለስ አንዲት ፍየል በገመድ እየሳበ መጣ፤ ራሷ ጥቁር፣ ገላዋ ነጭ። እጄን ይዞ ጀርባዋ ላይ አስቀመጠው።

«ይቺ ለሆድህ ናት» አለኝ። «ቤት ስንገባ አርዳታለሁ፣ እቀባሃለሁ። ስላንተ ነግሬው ነው የሰጠኝ።»

ከዚያ ጭንቅላቷ ላይ እንትፍ እንትፍ ብሎ መረቀ። ስንት ጊዜ እንደደገመው አላውቅም፤ ሆዴ ባብቶ ዞር ብዬ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ሐይቅ ዳር ቆሞ ሲያለቅስ ፈረንጅ እንዲያየው አልፈለግኩም።

ጠዋት ተነሳን። እዚያ ሐይቅ ላይ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል፣ ጠዋት ጠዋት ይበረታል፤ ወደ ወንዙ አፍ ለሚሄድ ከኋላ የሚገፋ ነው። ሸራው ተነፋና ጀልባዋ ሄደች። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሄደች! እኔ የጂንካ ልጅ መሪ ይዤ፣ ወዳጄ ከፊት ተቀምጦ፣ ፍየሏ ከመሃል ታስራ፣ አልጋው ከእግሬ ሥር። «እናቴ ባየችኝ!» ብዬ ጮህኩ። እሱም ዞሮ ጥርሱን አሳየኝ።

ደስታዬ አንድ ሰዓትም አልቆየ። ነፋሱ አበደ። የሐይቁ ውሃ አረንጓዴነቱን ትቶ ጠቆረ፣ ሞገዱ ከኋላችን እየተነሳ ጀልባዋን ያነሳታል፣ ከዚያ አፍንጫዋን ይተክላታል። ሬንጁ ለቀቀና ውሃ በስንጥቁ ይገባ ጀመር። ወዳጄ በቅል ይቀዳል፣ ይደፋል፣ ይቀዳል፣ ይደፋል። እኔ መሪውን በሁለት እጄ አቅፌ ልጅ ሆኜ የተማርኩትን መዝሙር በጥርሴ መካከል እዘምራለሁ፤ ዜማው ጠፍቶኝ ቃሉ ብቻ ይወጣል።

ፍየሏ ደግሞ ገመዷን በጠሰች። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ትዘላለች፤ በዘለለች ቁጥር ጀልባዋ አብራት ትጋደማለች። እግሯ ከሸራው ገመድ ጋር ተጠላለፈ። በግራ በኩል ውሃው በጠርዙ ላይ ፈሰሰ፣ ጉልበቴ ድረስ ረጠብኩ። እግዚኦ! እነሆ መጣሁ፣ አልኩ በልቤ፤ ውሃ ዳር አትቁም የተባልኩት ሰው ሐይቅ መሃል ልሞት።

«አልጋውን ጣል!» ብሎ ጮኸ ወዳጄ። «ጣል! አልጋውን!»

ሰምቼዋለሁ። ከነፋሱ የተነሳ አልሰማሁትም ብዬ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ ግን ሰምቼዋለሁ። አልጋውን አየሁት። ፍየሏን አየኋት። እኔ ባለ ደመወዝ ነኝ፣ ፍየል በየገበያው አለ፣ የብረት አልጋ ግን በዚህ ምድር ከየት ይመጣል? ሐሳቤ ይህ ብቻ ነበር፤ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል እንኳ አልፈጀም። መሪውን ለቀቅኩ፣ ገመዱን ከእግሯ አላቀቅኩ፣ ሁለት እግሯን ይዤ ወረወርኳት።

ጥቂት ዋኘች። ጥቁር ራሷ ሞገዱ ላይ ብቅ እልም ይል ነበር፤ ወደ እኛ ነበር የምትዋኘው። ከዚያ አላየኋትም።

ወዳጄ መቅዳቱን አቁሞ ቅሉን እንደያዘ ቀረ። «አይዞህ!» ብዬ ጮህኩለት። «ሌላ እገዛለሁ! ሁለት እገዛለሁ!» ለረጅም ጊዜ አየኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ አጎነበሰና ውሃውን መቅዳት ቀጠለ።

እውነት ለመናገር ጀልባዋ ተረጋጋች። ስለዚህ የወንዙ አፍ ሸምበቆ ውስጥ እስክንገባ ድረስ ልክ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ምስጋና ጠበቅኩ። ወንዙ ውስጥ ነፋሱ በረደ፣ ግን የውሃው ጉልበት ተቃወመን፤ አሸዋ ላይ እየተተከልን፣ ወርደን እየገፋን፣ ጉማሬ ባየን ቁጥር ዳር እየያዝን ያን ቀንና የማግስቱን ቀን ሄድን። ወዳጄ የሚያስፈልገውን ብቻ ይነግረኛል። «ግራ።» «አሸዋ አለ።» «ሸራውን አውርድ።» እኔ ግን አፌ አልዘጋ አለ። ስለ ፍየል ገበያ አወራሁ፣ ስለ አልዱባ ገበያ አወራሁ፣ ነጭ ይሻላል ወይስ ዳማ ብዬ ጠየቅኩት። «ፍየል ሞልቷል» አለኝ፣ ዞር ሳይል።

ኦሞራቴ ስንደርስ እኩለ ቀን ነበር፣ ሰው ሁሉ ወንዝ ዳር ወጣ። ፖሊሶቹ አጨበጨቡ፣ ተማሪዎቼ ልብሳቸውን ጥለው ውሃ ውስጥ ገቡ፣ ባለሱቆቹ እንኳ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። ወዳጄ አልጋውን ራሱ ላይ ተሸክሞ ቤቴ ድረስ ወሰደልኝ። ራሱ ዘረጋው፣ ሽቦውን በመዳፉ ጫን ጫን እያደረገ አየው።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «ለአንድ ሰው ይበቃል።»

እሱ ዱላውን ይዞ ወጣ፣ በግንድ ታንኳ ተሻግሮ ሄደ። በማግስቱ አልመጣም፣ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ከዚያ ወንዙ ሞላ።

ሁለት ፍየል ገዛሁ። አንዷን ራሷ ጥቁር የሆነች ፈልጌ፣ ሦስት ገበያ ዞሬ ነው ያገኘኋት። ኦሞ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ እየነዳ፣ አዞ እንኳ ዳር ይዞ በተኛበት ቀን ፍየሎቹን እግር ከእግር ጠፍሬ ጀልባዋ ውስጥ አስተኛኋቸውና ብቻዬን ተነሳሁ። ፖሊሱ «መምህር፣ አብደሃል እንዴ?» እያለ ከኋላዬ ሲጮህ ይሰማኛል። ፈራሁ፤ መሪውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ነው የተሻገርኩት። ውሃው ወደ ታች አሽቀንጥሮኝ ከመንደሩ እጅግ ርቄ ነው ዳር የያዝኩት፤ ከዚያ ፍየሎቹን እየነዳሁ በጭቃ ተመለስኩ። ወንዝ በሞላበት ወር ከዚያ በፊት የተሻገረ መምህር የለም። መጥቻለሁ፣ ይኸው መጥቻለሁ እያልኩ ነበር በልቤ።

ደጁ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በጣም በደንብ ተቀበለኝ። ቁርበት አንጥፎ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ፣ ሚስቱ ወተት ሰጠችኝ፣ ልጆቹ ከበው አዩኝ። ፍየሎቹን ተቀብሎ አመሰገነ፤ ጥቁር ራስ ያላትን ወዲያው አረደልኝ። ሲገፍ፣ ሲበልት፣ እሳት ሲያያይዝ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። ስቡን ከሆዷ ሲያወጣ የሸሚዜን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ሆዴን ገልጬ፣ ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥኩ።

አየኝ። የተገለጠ ሆዴን አየው። ከዚያ ስቡን ለሚስቱ አቀበላትና እሷ ድስት ውስጥ ጨመረችው። እሱ ጎንበስ ብሎ ሣር ነጨ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ፣ ከጎድኑ የተሻለውን ቆርጦ በቅጠል አድርጎ ፊቴ አስቀመጠልኝ።

«ብላ» አለኝ፣ «ሳይመሽ ተሻገር።»