ነፋሱን ተዉት

አጎቴን፣ እኛ የወንድማቸው ልጆች አያ የምንላቸውን፣ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ መዳፋቸው ነው። ፒያሳ ካለው የኅብረት ሱቅ ጓዳ ቡና በሙቅ አየር የምትቆላ ማኪና አለች። የቀበሌው ሰው ሁሉ ተራ እየያዘ ቡናውን የሚያስቆላው በእሷ ነው፤ የሚይዟትም አያ ነበሩ። ቡናው ሲደርስ ማሞቂያውን ያጠፉና ማራገቢያውን እንደበራ ይተዉታል። ከዚያ መዳፋቸውን ከአየር መውጫው ላይ አድርገው እስኪበርድ ይቆማሉ።

«አያ፣ ደረሰ አይደል እንዴ? ምነው አይሰጡንም?» ይላሉ ሴቶቹ።

«እሳቱ ይጥፋ፣ ነፋሱን ተዉት። ሁለቱም ባንዴ ከጠፉ ቡናውም ያርራል፣ ማኪናዋም ትቃጠላለች።»

መብራት ድንገት የሄደ ዕለት ቡናውን ሰፌድ ላይ ዘርግፈው በጋቢያቸው ጫፍ ያራግቡ ነበር። ብዙ ጊዜ አያተርፉትም።

ሆስፒታል ተኝተው ሐኪሙ «ከእንግዲህ እግዜር ያውቃል» ሲለን፣ ባለቤታቸው ነጠላቸውን አውልቀው ያራግቡላቸው ጀመር። ይተዉ አላልኋቸውም። እግራቸው ቀዝቅዟል፤ ትንፋሻቸው ግን አለ። መዳፌን ከአፍንጫቸው ሥር አድርጌ እስኪበርድ ተቀመጥሁ።

ትናንት ለአርባቸው የሚሆነውን ቡና ላስቆላ ሄድሁ። ማኪናዋን አዲስ ሰው ይዟታል። ቡናው ሲደርስ እሳቱንም ነፋሱንም ባንዴ አጠፋቸው። «ነፋሱን ተወው» ልለው ስል ቡናውን ዘርግፎ ሰጠኝ። ያረረውን ቡና ተቀብዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬው ወጣሁ።