ተቆርጣ የወጣችው ላሜራ

የእርጥብ ስቱኮና የቤንዚን ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሥር በመጣ ቁጥር የካዛንቺሱ ግቢያችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ክረምቱ ወጥቶ፣ እሁድ ጠዋት የኡራኤል ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ እየተሰማ፣ ጋሽ ገብረአምላክ ሸራውን ከመኪናቸው ላይ ሲገልጡ፣ ያ ሽታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ከእኔ መስኮት ነበር። ቤቶቻችን የቀበሌ ናቸው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ከመደጋገፋቸው የተነሣ አንዱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚባለው ከጎረቤት ነበር።

ጋሽ ገብረአምላክ ለገሃር፣ ምድር ባቡር ውስጥ የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበሩ። ንግግራቸው ቁጥብ፣ ደግሞም እንግዳ አክባሪ ሰው ናቸው። ቤታቸው የገባ ማንም ሰው ሳይሸኙት አይወጣም። ባርኔጣቸውን አንሥተው እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረው ይሄዱና «እግዜር ያክብርልኝ» ብለው ጎንበስ ይላሉ። ልጅ አልወለዱም። ልጃቸው መኪናዋ ናት ይባል ነበር፤ ሲባሉም አይከፋቸውም።

መኪናዋ ፊያት ስፖርት ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ቀለሟ የበሰለ ቲማቲም የመሰለ። አብዮቱ ሲፈነዳ አገር ለቆ የሚሄድ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር የሸጠላቸው። እትዬ አይናለምን ከኦሎምፒያ፣ ከወላጆቻቸው ቤት አውጥተው ሙሽራ አድርገው ወደዚህ ግቢ ያስገቧቸው በእሷው ነው። ጣሪያዋ ተገልጦ፣ ቬሎው በነፋስ እየተውለበለበ፣ ሚዜዎቹ ቦታ አጥተው በታክሲ እየተከተሉ።

«ያን ቀን ፀጉሬን ስሠራ የዋልኩት ሁሉ አስፋልት ላይ ቀረ» ይሉ ነበር እትዬ አይናለም፤ ግን እየሳቁ።

ከዚያ የቤንዚን ራሽን መጣ። መኪናዋ ግቢው ጥግ ቆማ ክረምት ሲፈራረቅባት ኖረች። ደርግ ወድቆ አገር ረጋ ሲል፣ ጋሽ ገብረአምላክ ሸራውን ቢገልጡ ወለሏ በዝገት ወንፊት ሆኗል፤ በቀዳዳው ሣር በቅሏል። ያን ዕለት እህል ሳይቀምሱ አደሩ። በማግስቱ ግን ቱታ ገዝተው መጡ።

ጥገናው ዓመታት ፈጀ። ካንዴላውና ፍሪሲዮኑ ከሶማሌ ተራ ተለቀመ። ካርቡሬተሩ ከአስመራ መጣ፤ ድንበሩ ሲዘጋ ያም መንገድ አበቃ። የአካሏን ሥራ የያዘው ጉርሜሳ የሚባል ባትላሜራ ነበር። የተጨረማመተ ፓርፋንጎ በመዶሻ ቀጥቅጦ እንደ ወረቀት ያቃናል፤ አፉም ከመዶሻው አይተናነስም።

አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ በወጣበት ባዶ ቦታ ላይ ሁለቱም አቀርቅረዋል። በአንደኛው ጎን፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ዝገት ተከምሮባታል።

«ጋሼ፣ ይቺን ብንተዋትስ? ላይዋ ላይ ሌላ እበይድባታለሁ። ስቱኮ ቀብቼ ቀለም ስደርብባት ማንም አይለያት።»

«ዝገት ላይ ነው አዲስ ላሜራ የምታለብሳት? ቁስል ሳይታጠብ ፋሻ መጠቅለል ነው'ኮ! ቁረጣት።»

«ሌላ መኪና ላይ እንደዚያ አድርገን የለም እንዴ? ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያሠራው።»

«የሰው ሁሉ መኪና አይደለችም። ቁረጣት ብዬሃለሁ!»

«በቃ፣ ልጅዎ ናት። እኔ ምን አገባኝ» አለና ቆረጣት። በቦታዋ የገባችውን አዲስ ላሜራ አሸተ፣ አለሰለሰ፣ ቀባ። መስተዋት ሆነች።

የተቆረጠው ቁርጥራጭ ሁሉ በር ላይ ተከምሮ ሳለ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ በሰፈሩ አለፈ። ልዋጭ ያረጀ ብረት ወስዶ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጥ ነጋዴ ነው። እትዬ አይናለም ብዙ ተከራክረው ክምሩን ሰጡትና አንድ አረንጓዴ ጆግ ተቀበሉ። ጋሽ ገብረአምላክ ከለገሃር ሲመለሱ ጆጉን አይተው ከት ብለው ሳቁ።

«አይኔ፣ ከፊያት ጆግ የወለድሽ አንቺ ብቻ ነሽ!»

ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዓመታት አለፉ፤ ጋሽ ገብረአምላክ ጡረታ ወጡ። ሰፈራችን ይፈርሳል መባሉ ወሬ ሆኖ ከርሞ አንድ ቀን እውነት ሆነ። ቀበሌ ስብሰባ ጠርቶ፣ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም እንደምንገባ ተነገረን። የታችኛው ሰፈር ሰው በአይሱዙ እየተጫነ መውጣት ጀመረ። ፍራሽ፣ ቡታጋዝ፣ በላዩ ደግሞ አሮጊት። ጋሽ ገብረአምላክ በራፋቸው ላይ ቆመው ይህን ሲያዩ ዋሉና ማታ ለእኔም ለባለቤታቸውም እንዲህ አሉ፦

«እኔ ከዚህ ሰፈር በአይሱዙ ተጭኜ አልወጣም። አይናለምን በመኪናዬ አስገብቻታለሁ፤ በመኪናዬ አስወጣታለሁ።»

«ዕቃው በአይሱዙ፣ እኛ በፊያት?» አሉ እትዬ አይናለም። «እንግዲያስ ፀጉሬን አልሠራም።» ቀልድ አስመሰሉት እንጂ ያን ሰሞን ከሳጥናቸው ነጭ ነጠላ አውጥተው በፀሐይ ሲያናፍሱ አይቻለሁ።

ሞተሩ ተነሣ። ሲነሣ ግቢው ሁሉ አጨበጨበ። የቀረው ሕጋዊ ወረቀት ነው፤ ያለ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ቦሎ አይለጠፍም፤ ታርጋዋም የድሮ ስለሆነ ይቀየራል። ጋሽ ገብረአምላክ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ቢሄዱ፣ ይህን ያህል ያረጀች መኪና ሰው ሳያያት አንዋዋልም ተባሉ። ቅዳሜ ዕለት ሳምራ የምትባል ወጣት መርማሪ መጣች። እሳቸው ክራቫት አሥረው ጠበቋት። ጉርሜሳንም ጠርተውታል፤ የእጁን ሥራ የሚያሳይበት ቀን ነውና።

ሳምራ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና ፊቷ በራ። «ጋሼ፣ ማለቴ… ይቺ'ኮ ፊልም ላይ ነው ያለችው! በራስዎ ነው ያሠሯት?»

«እሱ ነው የሠራት» አሉ ወደ ጉርሜሳ እያሳዩ።

«እኅቴ፣ ቀስ ብለሽ ንኪያት» አለ ጉርሜሳ። «አይን አፋር ናት።»

ሳምራ ሳቀች። የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያየችና ትክክል ነው አለች። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ አወጣች፤ አካሏ ላይ ተመትቶ የሚገኘውን የሻንሲ ቁጥር በእርሳስ አሽታ ልትቀዳው ነው። ኮፈኑ ሥር አጎነበሰች። በስልኳ መብራት አበራች። በመዳፏ ዳበሰች።

«ጋሼ፣ የሻንሲ ቁጥሩ የታለ? በዚህ ሞዴል እዚህ ጋ ነበር መሆን ያለበት።»

ሁላችንም አየን። ላሜራው ለስልሶ ያብለጨልጫል። የጉርሜሳ እጅ ቀስ ብሎ ከኪሱ ወጣ።

«ጋሼ…» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያቺ ዝገት የተከመረባት…»

ጋሽ ገብረአምላክ ላሜራውን በጣታቸው ዳበሱት።

እትዬ አይናለም ነገሩ ስላልገባቸው «እንግዳ ቆማ ትቀራለች እንዴ?» ብለው ወደ ቤት አስገቡን። ተቀመጥን።

«የሞተሩ ቁጥር ልክ ነው አላልሽም?» አሉ ጋሽ ገብረአምላክ።

«ሞተር'ኮ ይቀየራል ጋሼ። መታወቂያዋ ሻንሲው ነው። ቁጥሩ ተቆርጦ የወጣ መኪና… ማለቴ፣ እርስዎን አይደለም፣ ግን በሕግ እንደ ስርቆት ነው የሚታየው። ኢንሹራንስም፣ ቦሎም፣ ታርጋም አያገኝም። ተቆርጦ የወጣው ራሱ ቢገኝ ግን ይዘው ያመለክታሉ፤ እኔም እመሰክራለሁ።»

«እኔ እመታዋለሁ» አለ ጉርሜሳ ብድግ ብሎ። «ሊብሬው ላይ ተጽፎ የለ? እኅቴ፣ አንድ ጊዜ ጆሮሽን ድፈኚልን።»

«እንዳይነኩት! ሁለታችሁም ትታሠራላችሁ።»

«እሺ እሁድ ጠዋት እንዲሁ ብትወጣስ? ቅዳሴ ሳያልቅ ማን ያያል?» አለ ጉርሜሳ።

«ሰው ብገጭስ?» አሉ ጋሽ ገብረአምላክ። «የሟች ቤተሰብ ማንን ይጠይቅ? ደግሞ የሐሰት ቁጥር አላስመታባትም። በስሟ ኖራለች።» ወደ ጉርሜሳ ዞሩና «ቁረጣት ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉት።

እትዬ አይናለም በዚህ መሃል ለእንግዳዋ ውሃ ይዘው ገብተዋል። «ይፈለጋ ታዲያ!» አሉ ብርጭቆውን እየሞሉ። «ቁራጭ ብረት የት ይሄዳል? ግቢ ውስጥ ነው የቆረጣችኋት። የት ነው የጣላችኋት?»

ጉርሜሳ ዓይኑን ወደ እጃቸው ላከ፤ እኔም ላክሁ። አረንጓዴው ጆግ ነው፤ ከብዙ መታጠብ ቀለሙ ነጣ ብሏል፣ እጀታው በሽቦ ተጠግኗል። እትዬ አይናለም የምናይበትን ተከትለው ጆጉን አዩት። ብርጭቆው ሞልቶ ውሃው በጠረጴዛው ላይ፣ ከዚያም ወደ ሳምራ ጉልበት ፈሰሰ። እሳቸው ግን መቅዳታቸውን አላቆሙም።

«ገብሬ…» አሉ።

ጋሽ ገብረአምላክ እጃቸውን ዘርግተው ጆጉን ከእትዬ አይናለም እጅ ቀስ ብለው ወሰዱና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ባለቤታቸውን በትከሻቸው ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሳምራ ቀሚሷን እያራገፈች፣ ቦርሳዋን አንግታ ተነሣች፤ እንደ ደንቡ ሊሸኟት መስሏት በሩ አጠገብ ጠበቀቻቸው። ባርኔጣቸው ከምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። በአጠገቧ አለፉ፤ ወደ ማናችንም ሳይዞሩ፣ ባዶ ራሳቸውን ወጡ።