ላስቲኩ፣ ክኒኑና የልጄ ኩላሊት

በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ ልጄ ኢክራም፣ ጓደኛዋ ፊልሰን፣ ስማቸውን የማልጽፈው ሌሎች ሦስት ልጆች፣ «ማስተር» የሚባለው የቴኳንዶ አሰልጣኝ፣ በር ላይ ደግሞ ሽማግሌው ዘበኛ። እኔ መጨረሻ ላይ ደረስኩ።

የመጀመሪያው ምልክት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው የታየው። ኢክራም ባቷን ይይዛት ጀመር። ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትደገፋለች። አንድ ቀን ሽንቷን አየሁት፤ የጠቆረ ሻይ ይመስላል። ስጠይቃት «ፆም ይዤ ነው እማ» አለችኝ። ሰኞና ሐሙስ ሱና ትፆም ነበር። ደስ አለኝ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ማንም ሳያዛት ስትፆም የማትደሰት እናት በእኛ በድሬዳዋ ሰዎች ዘንድ የለችም። ውሃ ጠጪ ብዬም አልወተወትኳትም። ፆመኛን ማን ውሃ ጠጪ ይላል?

የምንኖረው ጅቡቲ ነው፤ አዳራሹ ቡላኦስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ጅቡቲ ከምሳ በኋላ ትዘጋለች፤ ጫቱ ይገባል፣ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፣ ታክሲውም ይጠፋል። በዚያ ሰዓት አዳራሹን የሚፈልግ ሰው ስለሌለ ማስተር ያዘው። ልጆቹን በዚያ ሙቀት የሚያሠራቸው ማራገቢያውን አጥፍቶ ነው። አንድ ቀን ለምን እንደሚያጠፋው ጠየቅኩት።

«አቦ እናት፣ እንግዲያው ልጅሽን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪያት» አለኝ።

ልጆቹ ሳቁ። ኢክራም በእኔ አፈረች። ማዕከላዊ ገበያ ወዳለው የጨርቅ ሱቄ ተመለስኩ።

ልጄ በወደቀችበት ቀን የደወለችልኝ ፊልሰን ናት። «እማ ዘሃራ፣ ቶሎ ነይ» አለችኝ። ከማዕከላዊ ገበያ በሩጫ ሄድኩ።

ኢክራም መሬት ላይ ናት። ቆዳዋ ይፋጃል። ላብ የላትም። ስጠራት ሌላ ሰው የጠራሁ ይመስል ዝም ብላ ታየኛለች። ማስተር አንድ ጥቁር ላስቲክ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ምን እንደሆነ አልገባኝም።

«ፆሙ ነው፤ ስኳሯ ወርዶ ነው» አለኝ። «ተምር ስጫት፣ ትነሳለች።»

ታክሲ የለም። ዘበኛው የእህቱን ልጅ ከጫት ላይ አስነስቶ ሚኒባሱን አስመጣልን። ፊልሰን አብራን ገባች። ማስተርም ገባ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ማስተር መለሰለት፤ ፆመኛ ናት አለው። ሐኪሙ ግን ወደ ፊልሰን ዞረ። አንዲት የድሬዳዋ ልጅ የሆነች ነርስ «ምን አይተሻል ይልሻል» አለቻት። ፊልሰን ማስተርን አየችው፤ ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች።

«አልፆምንም። ፆም ነው በሉ ያለን እሱ ነው። ፆም ካላችሁ እናቶቻችሁ ውሃ ጠጡ ብለው አያስቸግሯችሁም አለን። ለውድድሩ ኪሎ እንድንቀንስ ከልብሳችን ስር ላስቲክ አስለብሶ ያሮጠናል። ውሃ ስንጠይቀው፣ ውሃ የፈለገች ወደብ ትሂድ፣ ባሕር ሙሉ አለላት ይለናል። ክኒንም ይሰጠናል።»

ከኪሷ የተጋመሰ የክኒን ማሸጊያ አወጣች። ሐኪሙ አነበበው። ፉሮሰማይድ ነው።

«ይሄ የሚያሸና መድኃኒት ነው። ማን አዘዘው?» አለ።

ዞር ስል ማስተር የለም።

በረዶ አደረጉባት። ግሉኮስ ሰቀሉላት። ሽንቷ ግን ቆመ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረኝ፤ ራብዶሚዮሊሲስ ይባላል።

«ጡንቻዋ ፈርሶ ወደ ደሟ ገብቷል። ኩላሊቷን የዘጋው እሱ ነው። ዲያሊሲስ፣ ደሟን በማሽን ማጠብ፣ ያስፈልጋታል» አለኝ።

ትድናለች ወይ አልኩት። አላውቅም አለኝ።

ማሽኑ ደሟን አውጥቶ ሲመልስ አየሁ። አላለቀስኩም።

ከዚያ ሽንቷ ጠብ ማለት ጀመረ፤ ነርሷ መያዣውን ከፍ አድርጋ ስታሳየኝ፣ ሰው በልጁ ሽንት እንዲህ ሊደሰት እንደሚችል ያኔ አወቅኩ። የኩላሊቷን ሥራ የሚያሳየው፣ ክሬያቲኒን የሚሉት ቁጥር ቀስ እያለ ወረደ፤ ማሽኑንም አቆሙላት፤ ቤት ገብተን ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ጎረቤት እያልን እግሯን አለማመድነው። ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ግን ደሟን በየጊዜው እናስመረምራለን፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትወስድም።

ማስተር ተምር ይዞ ቤቴ መጥቶ ነበር። «ስሜን አታጥፊ፤ ልጅሽ ተርፋልሽ የለ?» አለኝ ከበር ውጭ ሆኖ። አልከፈትኩለትም። ከሰስኩት፤ እስካሁን የጠራኝ የለም። እሱ ሌላ ሰፈር አዳራሽ ይዞ ያስተምራል። ይቅር በይው የሚሉኝ ሰዎች ልጃቸው ማሽን ላይ ተኝታ አላዩም። ይቅር አላልኩትም፣ አልልምም። ልጄን ማንገላታቱ አንሶት ፆምን መሸፈኛ አደረገው።

ልጃችሁን ለስፖርት የምትሰጡ እናቶች፣ ልምምዱን ቁጭ ብላችሁ እዩ። አትግቡ ከተባላችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቢሳቅባችሁም ጠይቁ። ሽንቱ ከጠቆረ፣ ባቱ ከያዘው፣ ነገ ይሻለዋል ሳትሉ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ለሐኪሙም የተዋጠውን ክኒን ሁሉ ንገሩት።

ሐኪሙንና ነርሷን፣ ዘበኛውንና የእህቱን ልጅ አላህ ይስጥልኝ። ከሁሉ በላይ ግን ፊልሰንን። እሷ ባትናገር ልጄን በተምር ያክሟት ነበር።

ሐኪሙ ክኒኑን የዋጡት ሁሉ ይመርመሩ ብሎ ነበር። ሦስቱን ልጆች እናቶቻቸው አመጧቸው። ፊልሰንን አባቷ፣ አስተማሪ አዋረድሽ ብሎ፣ በዚያው ሳምንት ወደ ሐረር ዘመዶቹ ላካት። ሳትመረመር ነው የሄደችው። ስልኳ አይሠራም፤ አባቷም አያነጋግረኝም። እሷም ያንኑ ክኒን ውጣለች፤ ያንኑ ላስቲክ ለብሳ ሮጣለች።

ያለችበትን የምታውቁ፣ ጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ ተራ ዘሃራ ብላችሁ መልእክት ላኩልኝ። ደሟ ተመርምሮ እንደሆነ ንገሩኝ።